ዘንዶውና ቃሬዛው

የኔአለም ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። እሑድ ከሰዓት ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ጨርቁን ታነሣሣና ለአራት ጓደኞቿ ጨዋታ ትመራለች፤ እሷ ታሪኩን ታወራለች፣ እነሱ ተዋጊ ሆነው ይገቡበታል፣ ምቱን ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይወስናል፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ምቱ ይከፋል።

ዛሬ በታሪኩ ውስጥ ካለው ዘንዶ ፊት የደረሱት ቆሳስለው ነው። የሳጂዳ ተዋጊማ ጭራሽ ራሷን ስታለች። የኔአለም ዳይሱን የምትጥለው በቆመ ደብተር ጀርባ ስለሆነ፣ አንጀቷ አልችል ብሎ ስድስት ሲወጣ ሁለት ልትላቸው አስባለች።

«እኔን ጥላችሁ ሽሹ» አለች ሳጂዳ።

«አንቺ ራስሽን ስተሻል፤ ዝም በይ» አላት ሙላት። ወደ የኔአለም ዞሮም፣ «ቃሬዛ ሠርተናል። ሁለታችን እንሸከማታለን፣ አንዳችን ይዋጋል፤ የተመታው ከተሸካሚ ጋር ይቀያየራል። አሁን ተዋጊው እኔ ነኝ» አለ።

የጨዋታው ሕግ ስለ ቃሬዛ የሚለው የለም። የኔአለም ግን ሮብ ገበያ የምትባል የገጠር ከተማ ልጅ ናት። እናቷ የታመመች ጊዜ ጎረቤት በቃሬዛ እየተቀባበለ እስከ መኪና መንገድ አድርሷታል፤ መንገዱን ያሳጠረላቸው ማንም አልነበረም።

ደብተሩን ዘግታ ወደ ጎን ገፋችው። ዳይሱንም ፊት ለፊታቸው ጣለችው። ስድስት።

«ተመትተሃል» አለችው ሙላትን። «ተረኛው ማነው?»

ሁለቱም ተሸካሚዎች እጃቸውን አወጡ።