የዳባት ጎተራ ክዳን በሊማሊሞ አፋፍ

እኔ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አልሥልም። ይኼን ስል ደባርቅ ውስጥ የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። የሚስቁት ሰዎች ቤታቸውን ያሠሩት በእኔ ፕላን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕንፃ በሞዴል የሚሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ግድግዳውን ግድግዳ፣ በሩን በር አድርገህ ስክሪኑ ላይ ታቆመዋለህ፣ ዙሪያውን እያዞርክ ታየዋለህ። ቤቱን ማቆም ቀላል ነው፤ ጣጣው መገጣጠሚያው ላይ ነው። ግድግዳው ከመሠረቱ ጋር የት ይገናኛል? ክዳኑ ግድግዳው ላይ እንዴት ይቀመጣል? እያንዳንዷ መገጣጠሚያ ለብቻዋ ጎላ ተደርጋ ትሣላለች፤ ዲቴል እንላታለን። ታዲያ አንዴ ደህና አድርገህ የሣልካትን ዲቴል ለምን እንደገና ትሥላለህ? ታስቀምጣታለህ፤ ሌላ ሥራ ሲመጣ አውጥተህ ትለጥፋለህ። አለቀ።

ዲቴሎቼን የማስቀምጥበትን ፋይል «ጎተራ» ብዬዋለሁ። ሞልቷል። ደረጃ ብትለኝ አለ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ብትለኝ አለ። ደግሞ ይኼን ሁሉ ያስተማረኝ የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር የምሠራው፤ ፕላን ሊያባዛ የሚመጣ አንድ መሐንዲስ ነበር፣ እሱን እያየሁ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ እየነካካሁ ለመድኩት። በሦስተኛው ዓመት መሐንዲሱ ራሱ መጥቶ እኔን ጠየቀኝ። የጠየቀኝ ፕሪንተሩ በየት በኩል እንደሚበራ ነው። ቢሆንም ጠይቋል።

ባለቤቴ ብቻ ናት የማታደንቀኝ። «አንተ የትናንቱን ፕላን ዛሬ ስታቀርብ ብልጠት ነው» ትለኛለች። «እኔ የትናንቱን ወጥ ዛሬ ሳቀርብ ግን ፊትህ ይጠቁራል።»

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የኔታ መጡ። የኔታ ከከተማው ወጣ ብሎ የሊማሊሞ ቁልቁለት ሊጀምር ሲል አፋፉ ላይ ባለች ደብር ያስተምራሉ፣ ብራናም ይጽፋሉ። የደብሩ መጻሕፍት የሚቀመጡበት ዕቃ ቤት አርጅቶ ዘሟል።

«ልጄ፣ ይኼ ቤት አንድ ክረምት አይጨምርም» አሉኝ። «መጻሕፍቱ ከኛ በፊት የነበሩ ናቸው። በእኔ ጊዜ ከበሰበሱ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ሰኔ ሳይወጣ አዲስ ቤት ልናስገባቸው ይገባል።»

«የኔታ፣ አያስቡ» አልኩ። «ነገ ፕላኑን ይወስዳሉ።»

ነገ አላስፈለገም። በሦስት ሰዓት ውስጥ ጨረስኩት። መሠረቱን ደባርቅ ላይ ከሠራሁት ማረፊያ ቤት፣ በሩን ከአንድ ትምህርት ቤት፣ የክዳኑንና የግድግዳውን መገጣጠሚያ ደግሞ ዳባት ለገበሬዎች ከሠራሁት የእህል መጋዘን አወጣሁ። ያቺ የዳባቷ ዲቴል የምኮራባት ናት። እስከ ዛሬ አንድ ፍሬ እህል አልነቀዘባትም። ለጠፍኳት። የኔታ ተመልሰው ሲመጡ ገና ሳይቀመጡ ፕሪንት አድርጌ ሰጠኋቸው፤ ወረቀቱ ገና ይሞቅ ነበር።

ቤቱን የሚሠራው አናጢ እኩያዬ ነው፤ አብረን ኳስ ተጫውተናል፣ አብረን ተገርፈናል። እኔ ዳባት ሌላ ሥራ ላይ እያለሁ ደወለልኝ።

«ኢንጂነር!» ሁሌ ሲያሾፍ እንዲህ ነው የሚለኝ። «ይኼ ወንፊት ምንድነው?»

«የቱ ወንፊት?»

«በክዳኑና በግድግዳው መሃል። አራት ጣት ክፍት ተው፣ በወንፊት ሸፍነው ይላል።»

«ካለ አድርገዋ! ፕላን ይታዘዙታል እንጂ ይጠይቁታል እንዴ?»

«እሺ ጌታው» ብሎ ዘጋው። አናጢው ደግሞ እንደኔ ቁጡ አይደለም፤ እሺ ካለ ያደርገዋል። በአራቱም ግድግዳ ላይ አራት አራት ጣት ተወ፣ ወንፊቱን ወጥሮ መታ። ግንቦት ሲጋመስ ቤቱ አለቀ።

ሁሉም መጻሕፍቱ በማግስቱ የሚገቡ መስሎት ነበር። የኔታ እንቢ አሉ። አንድ ያልተጻፈበት ብራና አምጥተው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ዘረጉና በሩን ቆለፉት።

ከሳምንት በኋላ አናጢው ደወለ። «የኔታ ይፈልጉሃል።»

«ሊመርቁኝ ነው?»

«አይመስለኝም።»

የሄድኩ ቀን ጉም ነበር። ሊማሊሞ ላይ ጉም ከሰማይ አይወርድም። ከታች ከቆላው ይነሣና ገደሉን እየላሰ ይወጣል። ሲብስበት ዝናቡንም ይዞት ይወጣል፤ ከእግርህ ወደ አፍንጫህ ይዘንብብሃል። ይኼን የደባርቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። የማያውቀው ጎተራዬ ነው።

የኔታ በሩን ከፍተው መደርደሪያውን አሳዩኝ። ያ ዝርግ የነበረ ብራና ጥጎቹ ተነሥተው፣ መሃሉ ተኮማትሮ፣ እንደ ፍየል ጆሮ ተጠቅልሏል።

«ወደ ፍየልነቱ ሊመለስ ነው» አለ አናጢው።

ቀና ብዬ አየሁ። ጉሙ በወንፊቱ እንደ ባለቤት ዘና ብሎ ይገባል።

«ፕላንህን ይዘሃል?» አሉ የኔታ።

«ይዣለሁ።»

«ይቺን ክፍተት የምትናገረዋን አንብብልኝ። ጮክ ብለህ።»

ወረቀቱን ዘረጋሁ። በራሴ እጅ የተጻፈች፣ በትንንሽ ፊደል፣ ከዲቴሏ ጋር አብራ የመጣች ማስታወሻ አለች። ለጥፌያታለሁ እንጂ መልሼ አላነበብኳትም። «ለእህል አየር ማስገቢያ» ብዬ ጀመርኩ፤ ድምፄ እየቀነሰ ሄደ። «አራት ጣት ክፍት ይተው። በአይጥ መከላከያ ወንፊት ይሸፈን።»

አናጢው ጉሮሮውን ጠረገ።

«የኔታ፣ መጻሕፍቱን በኩንታል ነው እንዴ የሚያስገቡት?»

ልከራከር ሞከርኩ። «የኔታ፣ ዳባት ላይ እኮ ይቺ ዲቴል...»

«ዳባት ላይ ልክ ናት» አሉ። «እህል አየር ይፈልጋል፤ የዳባት ነፋስም ደረቅ ነው። ና፣ ቁጭ በል።»

ደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። «እኔም እንዳንተ ገልባጭ ነኝ» አሉ። «መጽሐፍ ሲገለበጥ በየጸሎቱ መሃል ያስጻፈው ሰው ስም ይገባል። ገልባጩ ልቡ ሌላ ቦታ ከሆነ የድሮውን ባለቤት ስም እንዳለ ያወርደዋል። ፊደሉ ያማረ፣ አንድ ነጥብ ያልጎደለበት ይሆናል፤ ግን አዲሱ ባለቤት ዕድሜ ልኩን ለሌላ ሰው ሲጸልይ ይኖራል። አንተም ለመጻሕፍታችን የእህል ጸሎት ነው የጸለይክላቸው።»

«ታዲያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?»

«አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው አዲሱን በጣቱ ይከተላል። ዓይን ያልፈዋል፤ ጆሮ አያልፈውም። እንግዲህ ክረምቱ ደርሷል፤ እነዚያ መጻሕፍት የሚያፈስ ቤት ውስጥ ናቸው። ታደርስልኛለህ ወይስ ሌላ ሰው ልጥራ?»

ሌላ ሰው! ይቺ ከሁሉም በላይ አመመችኝ።

የዚያን ቀን ላፕቶፑን አልከፈትኩም። ግድግዳው ጫፍ ላይ ወጥቼ ነፋሱ ከየት እንደሚመታ በእጄ መዳፍ ስፈልግ ዋልኩ። በገደሉ በኩል ክፍተቱን በጣውላ ጥርቅም አድርገን መዝጋት አለብን። ክዳኑ አንድ ክንድ ወጣ ይበል፤ ከጫፉ ላይ ወደ ታች የሚወርድ ጣውላ ይመታ፣ ከታች የሚመጣው ዝናብ እዚያው ግንባሩን ይምታ። ቤቱ የሚተነፍስበት አየር ደግሞ ከጀርባ፣ በከተማው በኩል ይግባ። ማታ ቤቴ ገብቼ ከባዶ ሣልኩት። ስጨርስ ባለቤቴን አስቀምጬ ጉዱን ነገርኳት፤ ወረቀቱን ሰጠኋትና እያንዳንዷን ማስታወሻ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ እሷ በጣቷ ተከተለች።

«አይጥ የለበትም» አለችኝ ጨርሳ።

አናጢው በአምስት ቀን ሠራው። የኔታ ሌላ ብራና ዘረጉ። ሰኔ ገብቷል። በየቀኑ አናጢው ጋ እደውላለሁ፤ «ዛሬስ?» እላለሁ፤ «እንደተዘረጋ ተኝቷል» ይለኛል። በሰባተኛው ቀን ዝናቡ ከገደሉ ተነሣ፤ ከደባርቅ ሆኜ ሰማዩን አየሁና ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ስደርስ የክዳኑ ጫፍ ላይ ያለው ጣውላ ጠብ ጠብ ይላል፣ በሩ ተከፍቷል፣ የኔታ ብራናውን በሁለት እጃቸው ይዘው በብርሃን ያዩታል። ዝርግ ነው። ነካሁት፤ እንደ በሶ ደርቋል።

«አስገቡ» አሉ የኔታ።

ካህናቱ መጻሕፍቱን ከነማኅደራቸው፣ በጋቢ ሸፋፍነው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው ከአሮጌው ቤት አሻገሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የመጨረሻው ሲገባ የኔታ ዘወር ብለው «አሁን ልመርቅህ» አሉኝ፤ መረቁኝም፤ ረጅም ምርቃት ነው፣ አናጢው እንኳ ዝም ብሎ አሜን አለ።

ከምርቃቱ በኋላ እንግዲህ ጉራዬ ተመለሰ። «ይቺን አዲሷን ዲቴል ጎተራ አስገብቻታለሁ» አልኩት አናጢውን። «ከአሁን በኋላ በገደል አፋፍ ላይ ቤት የሚሠራ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ስሟን ራሱ «ለገደል አፋፍ፣ ለመጽሐፍ ብቻ፣ ለእህል ክልክል» ብዬዋለሁ።»

አናጢው መዶሻውን ከረጢት ውስጥ እየከተተ አየኝ።

«ስሙንስ ደህና ጽፈኸዋል» አለ። «ማን ያነብልሃል?»

«ባለቤቴ።»

«እሷ ካለች ይሁን» አለ።