በወረታ የተሠራችው የጦር መርከብ

አለኸኝ ሞላ የጓሮውን ክፍል መቆለፍ የጀመረው ልጁ መስከረም አግብታ ወደ አንበሳሜ በሄደች በዓመቱ ነው። ክፍሉ የእሷ ነበር። አልጋዋ ወጣና በምትኩ ረጅም ጠረጴዛ ገባ፤ መስኮቱ ላይም ጆንያ ተሰቀለ። ሚስቱ ድንቅነሽ መጀመሪያ በነገሩ አልተከፋችም። ሰውየው ሥራ ፈትቶ ነበርና እጁን የሚያፍታታበት ነገር ማግኘቱን ወደደችው። ያስከፋት ቁልፉ ነው። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው በዚያ ቤት ከልብስ ሣጥን በቀር ተቆልፎ የሚያውቅ ነገር አልነበረም።

ወረታ አለኸኝን የምታውቀው በሩዝ መፈልፈያ ሞተረኛነቱ ነው። ከዚያ በፊት የባሕር ኃይል ወታደር እንደነበረ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። በደርግ ጊዜ ምጽዋ ላይ በአንዲት የጦር መርከብ የሞተር ክፍል አገልግሏል። መንግሥቱ ሲወድቅ ከመርከቧ ጋር የመን ገባ፤ በስደተኛ ሰፈር ከርሞ ከስቶና ጠቁሮ ወደ ትውልድ ወረዳው ወደ ፎገራ ተመለሰ። ያኔ የቀድሞ ወታደር ሁሉ በጎሪጥ የሚታይበት ጊዜ ስለነበር አፉን ዘጋ። ቆይቶ ጊዜው ቢለወጥም አፉ አልተከፈተም። ለድንቅነሽ እንኳ የነገራት «ባሕር ላይ ነበርኩ» ብሎ ብቻ ነው።

መፈልፈያው ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር የናፍጣው ሞተር ተነቅሎ ለቁራጭ ብረት ተሸጠ። አለኸኝም አብሮ ወደ ቤቱ ተሸኘ። ዕድሜውን ሙሉ የሞተር ድምፅ ሲሰማ የኖረ ሰው ዝምታው ከበደው። ከዚያ በኋላ ነው መርከቢቱን መሥራት የጀመረው።

ያገለገለባትን መርከብ ነበር የሚሠራው፤ እያንዳንዱን ሜትር ወደ ሁለት ሳንቲም አሳንሶ። ሆዷን ከዋንዛ እንጨት ጠረበ። ምሰሶዋን ከተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ፣ ትንንሾቹን መድፎች ከመርፌ መውጊያ ጫፍ፣ ትልልቆቹን ከእስክርቢቶ ቀፎና ከመዳብ ቱቦ አበጀ። የመልሕቋ ሰንሰለት ከተጣለ የአንገት ሐብል ተቆረጠ። በመልኳ ላይ ሲጠራጠር ሥራውን ትቶ ለብዙ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ የደረጃው መደገፊያ በስተቀኝ ነበር ወይስ በስተግራ? ከላይ ሲያዩዋት የማያውቀው ነገር ነበራት፤ የኖረው ከታች ነውና። የሞተሩን ክፍል ግን እጁ ያውቀዋል። እሱን ቧንቧ በቧንቧ ጨርሶ ሠራና የላይኛውን ወለል አልብሶ በኮላ ደፈነው።

ይህ ሁሉ እሱ ጋ ብቻ ነው የሚታወቀው። ሰፈሩ የሚያየው ሌላ ነው። ሰፈሩ የሚያየው አንድ ሽማግሌ ሽቦ፣ ቱቦና ያለቀ ባትሪ ለቃቅሞ በጆንያ ወደ ቤቱ ሲያስገባ፣ ከተዘጋ መስኮት ጀርባም ብረት ሲሞርድ ነው። ጊዜውም እንዲህ ያለውን ነገር በመልካም የሚተረጉሙበት አልነበረም። በውጊያው ምክንያት መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ከጎረቤት ከተማ ከሐሙሲት የመጣ ሰው የሰማውን ወሬ ግራ ቀኝ ሳያይ አይናገርም። አንዳንዱ «አስማት ይሠራል» አለ። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሚፈነዳ ነገር ነው» አለ።

ሽቦውን ከሚያመጡለት አንዱ ሰውመሆን ነበር፤ መፈልፈያው ላይ ሩዝ የሚመዝን የቀድሞ የሥራ ባልደረባው።

«አያ አለኸኝ፣ ለምንህ ነው ይህ ሁሉ?» ብሎ ጠይቆት ያውቃል።

«ለጨዋታ።»

«በዚህ ዕድሜህ ምን ጨዋታ አለህ?»

አለኸኝ ሳቅ ብሎ አለፈው። ነገር ግን ጥያቄው ልቡ ውስጥ ቀረ። ምነው ጠየቀኝ? ማን ጠይቅ አለው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉን ሲቆልፍ አንድ ጥቁር ክር በበሩ ግርጌ ከመቃን መቃን ይወጥር ጀመር፤ ሰው ቢገባ እንዲያውቅ።

ድንቅነሽም ጠይቃው ነበር፤ አንዴ በደህና ቃል፣ አንዴ በቁጣ። በደህና ስትጠይቀው «ሥራ ነው» አላት። በቁጣ ስትጠይቀው «አይመለከትሽም» አላት። ይህ ቃል ነው የቆረጣት። አንድ ገበያ ቀን እሱ ሐሙሲት ሲወርድ ከኮቱ ኪስ የተረሳውን ቁልፍ አገኘችና ከፈተችው።

ጠረጴዛው ላይ በአንሶላ የተሸፈነ፣ ከሰው ቁመት የሚረዝም ነገር ተጋድሟል። ሬሳ መሰላት። አማትባ አንሶላውን በአንድ ጫፍ ገለጥ አደረገችው። አመድማ የሆኑ አፈ ሙዞች ፊቷ ላይ ተደግነዋል፤ ከሥራቸው ቀይና ጥቁር ሽቦ ወጥቶ ከባትሪ ጋር ተያይዟል። ሽቦው ለመርከቧ መብራት ነበር። ድንቅነሽ ግን መርከብ በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ የምታውቀው የጣና ታንኳ ነው። አንሶላውን ጥላ ወጣች፣ ቆለፈች፣ ቁልፉን ቦታው መለሰች። እግሯ የበጠሰውን ክር አላየችውም።

አለኸኝ ሲመለስ አየው። በጉልበቱ ተንበርክኮ የክሩን ጫፍ በጣቱ ሲያሻሽ ቆየ። ሚስቱን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረም። ሰውመሆን በዚያው ሰሞን ያረጀ ሽቦ ለማድረስ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። አለቀ፤ እሱ ነው። በማግስቱ መንገድ ላይ ተገናኝተው ሰውመሆን እጁን ሲዘረጋለት አለኸኝ እንዳላየ ሆኖ አለፈ።

ድንቅነሽ ፍርሃቷን ይዛ ሰነበተች። የእህቷ ባል የሌላ ሰው መሣሪያ ቤቱ ተገኝቶበት የደረሰበትን መከራ ታውቃለች። ሌላ ሰው ቀድሞ ቢናገርስ? ቢፈነዳስ? እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ የሰፈሩን ጥበቃ ኮሚቴ የሚመራውን፣ ንብረት የሚባለውን ሰው ከዋርካው ሥር አገኘችው። ንብረት ብዙ የማይናገር፣ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን የማይነቅል ሰው ነው።

«ባሌ የሚሠራውን አላውቀውም» አለችው። «መጥታችሁ እዩልኝ። ስሜን ግን እንዳታነሳ፤ አደራህን።»

መጡ። ንብረት ከሁለት ሰዎች ጋር ጧት ነው የመጣው፤ አንደኛው ጠመንጃ አንግቷል፣ ሌላው ወፍራም ዱላ ይዟል። ድንቅነሽ በረንዳው ላይ ሰፌድ ይዛ ሩዝ ትለቅም ነበር። ቀና አላለችም።

«ጋሸ አለኸኝ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። ምነው በማለዳ?»

«የጓሮውን ክፍል እንዲያሳዩን ነው።»

«ማን አላችሁ?»

«ማንም ይበለን። ይክፈቱልን።»

አለኸኝ ከፈተ፤ አንሶላውንም ራሱ ገፈፈው። ጠመንጃ የያዘው ልጅ «መርከብ ናት እኮ!» ብሎ ሳቁ አመለጠው። ንብረት አልሳቀም። መርከቢቱን ዞራት። መድፎቹን በጣቱ ጫፍ ነካ፣ ሽቦውን እየተከተለ ባትሪው ድረስ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎም ሆዷን አንኳኳ።

«ውስጧ ባዶ ነው?»

«አይደለም።»

«ምን አለ?»

«ሞተር።»

«የሚሠራ?»

«የማይሠራ። መልኩን ነው የሠራሁት።»

«በየት በኩል ነው የሚታየው?»

«አይታይም። ደፍኜዋለሁ።»

ንብረት ቀና ብሎ አየው። «የማይታይ ነገር ሰው ለምን ይሠራል?»

አለኸኝ ለመከላከል ያህል እጁን ወለሉ ላይ ዘረጋ። ይህም ነገሩን አከፋው።

«ይክፈቱት» አለ ንብረት።

«ከተከፈተች ትበላሻለች። ይህ ወለል ስንት ክረምት ፈጅቶብኛል፤ እያንዳንዷን ጣውላ ለብቻ ነው የለበጥኩት።»

«እንግዲያው እኛ እንከፍተዋለን።» ባለ ዱላው አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ተው! ተው፣ በእጄ ልክፈተው።»

ቀጭኗን መጋዝ አነሣ። ወለሉን ከመሃል ወደ ኋላ መቁረጥ ጀመረ። የዋንዛው ዱቄት በግራጫው ቀለም ላይ ይረግፋል። ድንቅነሽ ሰፌዷን አስቀምጣ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የተቆረጠው ክዳን ሲነሣ ንብረት ስልኩን አብርቶ ወደ ውስጥ አየ።

ሁለት ሞተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ ቧንቧዎች ተጠላልፈውባቸዋል፤ የሰዓት ጥርሶች የመቆጣጠሪያ መሪ ሆነዋል። ወደ ላይ የሚያወጣ የብረት መሰላል አለ። ከመሰላሉ ሥር ከጧፍ ሰም የተሠሩ ሦስት ሰዎች አሉ። አንደኛው የመሰላሉን የመጀመሪያ ደረጃ ይዟል። ሁለቱ ወድቀዋል።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለ ንብረት።

አለኸኝ መጋዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የነዳጅ ቧንቧ ፈነዳ። እሳት ተነሣ። እሳቱ ጥይቱ ጋ እንዳይደርስ መዝጊያው ከላይ ይዘጋ ተባለ፤ ተዘጋ። እኔ ተራዬን ጨርሼ ወጥቼ ነበር።»

«እነሱስ?»

«እነሱማ እዚያው ቀሩ።» መሰላሉን ወደያዘው ሰው በአገጩ አመለከተ። «ይሄ እዮብ ነው። የደብረ ታቦር ልጅ ነበር። የደፈንኩት ለዚህ ነው። የተቀበረ ሰው አይታይም።»

ንብረት መብራቱን ወደ መርከቢቱ አፍንጫ፣ ከዚያም ወደ ጭራዋ አዞረ። የሚጠረጠር ነገር አላገኘም። ፊቱ ግን አልፈታም። «እና ለምን ለሰው አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«እኔ ጠይቄህ ነበር» አለች ድንቅነሽ ከበሩ ላይ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ሰዎቹ ሲወጡ ንብረት በሩ ላይ ቆም ብሎ «ለጊዜው ከቤት እንዳትወጣ» አለ። መርከቢቱን ይሁን ወይስ አንቱታውን ትቶ ሰውየውን፣ አልገለጸም።

አለኸኝ በዚያው ቀን መፈልፈያው ድረስ ሄደ። ሰውመሆን ሚዛኑ ላይ ነበር፤ ሰውነቱ በሩዝ ገለባ አቧራ ነጥቷል።

«ሽቦ እያቀበልክ አሳረድከኝ» አለው በሰው ፊት።

«እኔ? ምን አደረግሁ?»

«አንተ ነህ ቤቴን የጠቆምከው! ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሚካኤልን አላልኩም! ኧረ አያ አለኸኝ፣ እጄን ስሰጥህ ያለፍከኝም ለዚህ ነው?» የሰውመሆን ዓይን እንባ አቀረረ። አለኸኝ ግን እንባውን እንደ ማስረጃ ቆጠረው።

ቤቱ ገብቶ «ሰውመሆን ነው፤ ዓይኑን አይቼ አወቅሁ» አላት ለሚስቱ።

ድንቅነሽ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እሱ አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«እኔ ስለሆንኩ። እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»

አለኸኝ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«አፈ ሙዝ ነው ያየሁት» አለች። «ገልጬ ሳየው ተደግኖብኝ። ምን ልበል? አብሬህ አርጅቼ ምን እንደሆንክ አላውቅም። ከሌላ አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት አልኩ።»

«ክሩን የበጠስሽው አንቺ ነሽ?»

«የምን ክር?»

«በሩ ላይ የወጠርኩት።»

ድንቅነሽ ትንሽ አሰበችና ገባት። «በቤቴ? እንደ ወጥመድ ክር ወጠርክብኝ?»

ብዙ ሰሞን አንድ መሶብ ቀርበው ሳይነጋገሩ በሉ። አለኸኝ ሰውመሆን ቤት ሄዶ እግሩ ላይ ወደቀ። ሰውመሆን አንሥቶ «ይቅር ለእግዜር» አለው፤ ሽቦ ግን ዳግመኛ አላመጣለትም። ሰፈሩም ወሬውን አልተወም። መርከቧን አይተው የተመለሱት ራሳቸው «ያሳየን ይህን ነው፤ ያላሳየንስ?» ይሉ ነበር።

ክረምቱ ገብቶ ርብ ወንዝ ሜዳውን መሙላት ሲጀምር፣ አለኸኝ ወለሉን እንደገና ለመግጠም ተነሣ። ክዳኑ ጠምሞ ነበር። ኮላው እስኪይዝ በአንድ እጅ ተጭኖ በሌላው ማሰር አቃተው። ቢጨንቀው «ድንቄ፣ እስቲ ይችን ያዥልኝ» ብሎ ተጣራ።

መጥታ በሁለት እጇ ተጫነችለት። ከመጫኗ በፊት ግን ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። «ሁለቱስ ማን ይባላሉ?»

ነገራት። የማንኛው እናት በሕይወት እንደነበረችና ማንኛው ዘፈን እንደሚወድ ሳይቀር ነገራት፤ ኮላው ደርቆም ወሬው አላለቀም። በማግስቱ መርከቢቱን ተሸክመው እልፍኝ አስገቧት። የጓሮው በር ቁልፍም ወለቀ።

በጥምቀት ማግስት ንብረትን ቤታቸው ጠሩት፤ ጥርጣሬው እንዲበርድ ብላ ድንቅነሽ ናት ያስጠራችው። በልቶ ጠጥቶ መረቀ። ሊወጣ ሲል መርከቢቱን አየት አድርጎ ወደ አለኸኝ ዞረ።

«ጋሸ አለኸኝ፣ ሌላ የሚሠሩት ነገር የለም?»

«የለም» አለ አለኸኝ።

ድንቅነሽ ሳህኑን ከማንሣቷ በፊት የባሏን ፊት አየችው። እውነቱን ይሁን አይሁን ልትለየው አልቻለችም።