ጃንጥላ አጣፊ ሳለሁ

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሸዋ ሮቢት ገበያ ዳር የልብስ ስፌት መኪናውን ይዞ የሚቀመጥበት በረንዳ ነበረው። እሱ ሲሞት መኪናውም በረንዳውም ለእኔ ቀሩ። እናቴ ከሱ ከተፋታች ቆይታ ነበር፤ ጀውሃ ሌላ ትዳር ይዛ ልጆች ወልዳለች። እኔም አግብቼ በዓመቱ ተመልሻለሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ጠዋት በረንዳዬን ከፍቼ ማታ እዘጋለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ለራሴ ብቻ እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

በደርግ ዘመን ነው። ከከተማው በታች ባለው ሜዳ ላይ ወታደሮች መጥተው ሰፈሩ። ከአውሮፕላን የሚዘሉ ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ከተማው ሁሉ እየወጣ ያይ ነበር፤ በኋላ ሰዉ ለምዶት ወደ ማሾውና ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ።

አንድ ቀን ዕድሜው የገፋ ሃምሳ አለቃ የተቀደደ ነጭ ጨርቅ ይዞ በረንዳዬ መጣ። ከመርፌው ሥር እየሾለከ አልያዝም የሚል ጨርቅ ነው። ሰፋሁለት። እስክጨርስ እጄን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ስፌቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ መረመረው፣ በሁለት እጁ ጎተተው፣ ከፍሎኝ ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ በደመወዝ እሠራ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጠጋኝ ብቻ ሳልሆን አጣፊም እንድሆን ነበር ሐሳቡ፤ የሚያጥፉለት ሁለት ልጆች ነበሩት፣ ሁለቱም ወደ ሰሜን ተልከውበታል። እሺ አልኩ። የማማክረው ሰው ቢኖር ኖሮ ምናልባት አልልም ነበር።

የገበያው ሴቶች ወሬውን ሲሰሙ ሰላምታቸውን አሳጠሩ። ባል የሌላት ሴት ወታደር ሰፈር ገባች ተባለ። ወታደሮቹም ቢሆኑ ምን ብለው እንደሚያዋሩኝ አያውቁም ነበር። ሥጋቸውን ስለማልበላ ምሳዬን በቋጠሮ አመጣለሁ፤ እነሱ ግራሩ ሥር ተሰብስበው ሲበሉ እኔ መጋዘኑ ውስጥ ብቻዬን እበላለሁ።

መጋዘኑ በፊት ጥጥ ይከተትበት የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ጠረጴዛ አለው። ምስጥ እንዳይወጣ የመደርደሪያዎቹ እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ቆመዋል። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ላቤ ጨርቁ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በሻሽ አስሬ ነበር የምሠራው።

ወታደሮቹ ፓራሹት አይሉም፣ ጃንጥላ ነው የሚሉት። ሃምሳ አለቃውን ጋሼ እላቸው ነበር፤ የሰው ሁሉ አጠራር ግን ሃምሳ አለቃ ነው። በመጀመሪያው ወር ምንም አላስነኩኝም፤ ቁሜ እንዳይ ብቻ። በሁለተኛው ወር አንዱን ጃንጥላ ደጋግሜ እንዳጥፍ አደረጉኝ። አጥፌ ስጨርስ ይፈቱታል። ምን እንደተሳሳትኩ አይነግሩኝም፤ ራሴ እስካገኘው ድረስ ይጠብቃሉ። ብዙውን ጊዜ የተጠማዘዘ ገመድ ነው። በጣም የከበደኝ ግን የመዝጊያው ክር ነበር። ጃንጥላው ሲጎተት እንዲበጠስ የተመረጠ ክር ነው፣ ነጠላ ሆኖ መታሰር አለበት። ከአባቴ የተማርኩት ክር እንዳይበጠስ ማጠንከር ነውና እጄ ሳላዝዘው እጥፍ ያደርገው ነበር። ጋሼ አንድ ቀን ክሩን ቆርጠው አሳዩኝና፣ ይህ እምቢ ካለ ሰውየው መሬት ይደርሳል አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አልደገምኩትም።

አንድ ጠዋት ጋሼ ካጠፍኳቸው አሥራ ሁለት ጃንጥላዎች አንዱን ሳይመርጡ ጎትተው ጀርባቸው ላይ ታጠቁ። የደረቱን መጠባበቂያም እኔ ያጠፍኩትን ነው የወሰዱት። ምንም አልነገሩኝም ነበር። ሜዳው ዳር ወጥቼ ቆምኩ። አውሮፕላኑ ሲያልፍ አንድ ነጥብ ወረደ፤ ቢስሚላህ ማለት ጀምሬ ሳልጨርሰው ተከፈተ። ሽማግሌው ወርደው ተንከባለሉ፣ አቧራቸውን አራገፉ፣ ጨርቁን በክንዳቸው ሰብስበው ወደ እኔ መጡ።

“እንግዲህ ሥራ ጀምረሻል” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የማን ጀርባ የትኛውን ይሸከማል የሚለውን አስተማሩኝ። ጃንጥላው ሦስት ዓይነት ነበር። ነጩ ትልቁ ነው፤ ገመዱ ከአውሮፕላኑ ጋር ታስሮ ራሱ ይከፈታል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ነፋስ ወደወሰደው ይሄዳል። አረንጓዴው ጠበብ ያለ፣ በጀርባው በኩል ክፍተቶች ያሉት ነው። መጀመሪያ ቀን ተቀዶ መስሎኝ ልሰፋው መርፌ ሳነሳ ጋሼ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለካ ክፍተቶቹ ነፋስ የሚያወጡ ናቸው፤ ሰውየው በሁለት እጀታ እየጎተተ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ፈጣን ነው። ሦስተኛው ከውጭ አገር የመጣ፣ ሰውየው በገዛ እጁ የሚከፍተው ነው፤ ሁለት ብቻ ነበሩን፣ ከአሠልጣኞቹ በቀር ማንም አይነካቸውም።

ጋሼ ከማሽላ ነጋዴ ሚዛን ተውሰው እያንዳንዱን ወታደር ከነጫማው፣ ከነትጥቁ መዘኑ። ከባድ ሰው በጠባብ ጨርቅ አይወርድም። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ አየሩ ይሳሳል፣ ሰውን በደንብ አይሸከምም፤ ስለዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ማንም እንዲዘል አይፈቅዱም ነበር። አንድ መዝገብ አላቸው፤ እያንዳንዱ ዝላይ፣ ሰውየው እንዴት እንዳረፈ፣ ቆሞ ይሁን ወድቆ፣ ሜዳው ላይ በኖራ ከተሰመረው ክብ ውስጥ ይሁን ከውጭ ይጻፍበታል። በነጩ ሃያ ጊዜ በደህና ያላረፈ አረንጓዴውን አያገኝም። በአንድ ቀን የሚለወጠውም አንድ ነገር ብቻ ነው። አዲስ ጫማ ያደረገ በለመደው ጃንጥላ ይዘላል፤ አዲስ ጃንጥላ የተሰጠው ጫማውን፣ የራስ ቁሩን፣ መታጠቂያውን አይቀይርም። ሰው ሲደነግጥ የሚያስታውሰው የለመደውን ነው ይሉ ነበር።

አንድ አሥር አለቃ ነበር፤ ከጣርማ በር በላይ ከደጋው የመጣ፣ በኔ ዕድሜ ያለ። ቆላው አልተስማማውም። በቀትር ሌሎቹ ጥላ ሥር ሲያንቀላፉ እሱ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለው መጋዘኑ በር ላይ መጥቶ ደፉ ላይ ይቀመጣል። ወደ ውስጥ አይገባም፤ ያን ማወቁን ወደድኩለት። ስለ አገሩ ብርድ ያወራኛል፣ ስለ ገብሱ፣ ጉሙ ሲወርድ በሬው ሦስት ክንድ ርቆ እንደማይታይ። እኔ እጄን ሳላቆም እሰማለሁ። ከአባቴ ሞት ወዲህ ቁጭ ብሎ ያወራኝ ሰው እሱ ነው። ሌላ ነገር አልነበረም፤ ግን በቀትር ጊዜ ጆሮዬ በር በሩን ይጠብቅ ጀመር።

አረንጓዴውን አጥብቆ ይፈልግ ነበር። መደርደሪያው ላይ እያየ፣ ነጩ ሰውን እንደ ጆንያ ነው የሚያወርደው ይለኛል።

በዚያው ክረምት መውጫ ላይ ጋሼን ወባ ያዛቸው። እየተንቀጠቀጡ መኪና ላይ ሲጫኑ ቁልፉንና መዝገቡን ለእኔ ሰጡኝ። ምንም ምክር አልጨመሩም፤ ጥርሳቸው እየተፋጨ መናገርም አይችሉም ነበር።

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ እንግዶች እንደሚመጡና ትርዒት እንደሚደረግ ተነገረ። የጦር ክፍሉ አዛዥ የሆነው ሻምበል ለእንግዶቹ ከሚተከለው ዳስ ፊት ለፊት አነጣጥረው የሚያርፉ አምስት ሰዎች ፈለገ። አራቱ አረንጓዴውን የለመዱ ነበሩ፤ አምስተኛው ያ አሥር አለቃ እንዲሆን ተባለ፣ ቁመናው ያምራልና። በመዝገቡ ላይ አሥራ አራት ነበረው።

በዚያን ቀን ቀትር ላይ መጥቶ ደፉ ላይ ተቀመጠና ለሃያ የቀሩትን ስድስቱን እንድሞላለት ለመነኝ። በቀስታ ነው የለመነኝ። ስድስት ምልክት ማድረግ ምንሽን ይነካሻል አለኝ። ብሞላለት በማግስቱም ይመጣል፣ ባልሞላለት እንደማይመጣ ገብቶኛል። ደግሞም ልጁ ጎበዝ ነው፣ ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። አይሆንም አልኩት፤ ተነስቶ ሄደ።

ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻምበሉ አሥር አለቃውን ይዞ መጣ።

“በአረንጓዴው መዝግቢው” አለኝ።

“ገና አሥራ አራት ነው፣ ጓድ ሻምበል።”

“ማን ያየዋል?”

ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። “ቁልፉን ከፈለጉ ይኸው። ያልወረደውን ወረደ ብዬ ግን አልጽፍም” አልኩ።

ሻምበሉ ቁልፉን አየው፣ አላነሳውም። ወደ አሥር አለቃው ዞሮ ስንት እንዳረፈ ጠየቀው። ልጁ ወደ እኔ ተመለከተ። ሃያ ቢል ኖሮ እንደ ሐሰተኛ እኔ ነበርኩ የምቆጠረው።

“አሥራ አራት” አለ።

ሻምበሉ፣ እንግዲያው በነጩ ይዘላል ብሎ ወጣ።

በትርዒቱ ቀን እንግዶቹ ዘግይተው ስለመጡ ዝላዩ ወደ አራት ሰዓት ተገፋ፤ ነፋሱ ተነስቶ ነበር። አራቱ አረንጓዴዎች ነፋሱን እየተከላከሉ ዳሱ ፊት አረፉ፣ ተጨበጨበላቸው። ነጩ ግን ነፋሱ ወስዶት ከሜዳው አልፎ የሰው ማሽላ ውስጥ ገባ። እንግዶቹ ሳቁ። ባለማሽላው እየተሳደበ ወደ ጃንጥላው ሲሮጥ ያየው ሁሉ የባሰውን ሳቀ። አሥር አለቃው አገዳ የተሰካካበትን ጨርቅ ተሸክሞ በሰው ፊት ሲያልፍ ከንፈሩን ነክሶ ነበር። ጃንጥላውን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ ሳያየኝ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀትር የሚመጣ ቀረ። ጨርቁን ሲያስረክብ ጠዋት ጠዋት እንዲያግዘኝ ለተመደበው ወታደር ነው የሚሰጠው። ጠዋት አያለሁ፣ ይዘላል፣ ያርፋል፣ እጽፋለሁ። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። አንዴ ከክቡ ውጭ ወድቆ አረፈና አልቆጠርኩለትም፤ ያንንም ሳይከራከር ተቀበለ። ትክክል መሆኔን አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ያን ረጅም ቀትር አላሳጠረልኝም። አንዳንድ ቀን ድምፅ ለመስማት ብዬ ከቁርአን በቃሌ የያዝኩትን ያህል እየቀራሁ አጥፋለሁ።

ጋሼ በወር ከምናምን ተመለሱ፣ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ። ተቀምጠው መዝገቡን ገጽ በገጽ አዩ። የአሥር አለቃው ገጽ ላይ ሲደርሱ፣ በትርዒቱ ቀን እሱ ብቻ በነጩ መዝለሉን አይተው ማን እንዳስጨነቀኝ ጠየቁኝ፤ የሆነውን ነገርኳቸው። መዝገቡን ዘጉና ቁልፉን ስሰጣቸው፣ አንቺው ያዥው ብለው መለሱልኝ።

በኅዳር የአሥር አለቃው ሃያ ዝላይ ሞላ። አረንጓዴውን ያጠፍኩለት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሁለት ጊዜ አጠፍኩት፤ ምንም ስህተት አልነበረበትም። መታጠቂያውን በቁመቱ ልክ ጋሼ አጠበቁለት፣ የድሮ ጫማውን እንዳደረገ አረጋገጡ። በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ ዘለለ። ከፍ ብሎ ሳለ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ዞረ። መሬት ሊደርስ ሲል ደግሞ አንዴ በኃይል ጎተተ፤ ጃንጥላው ተጋደመ፣ ሰውየው ወደ ጎን ተወነጨፈ። ጋሼ አጠገቤ ትንፋሻቸውን ሲውጡ ሰማሁ። ወዲያው ለቀቀው፣ ጨርቁ ተቃና፣ በሁለት እግሩ ወርዶ በጉልበቱ ተንበረከከ። ተነሳ። እኔም ገብቼ ጻፍኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ክፍሉ ወደ ሰሜን እንዲንቀሳቀስ ታዘዘ። ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው በቀትር ደፉ ላይ ጥላ አየሁ። አሥር አለቃው ተቀምጧል።

“መሬቱ ሮጦ መጣብኝ” አለኝ። “እጄ ራሱ ለቀቀው እንጂ እኔ አላሰብኩትም። በአሥራ አራት ቢሆን እጄ አያውቀውም ነበር።”

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሌላም ልለው ነበር፤ ያ ሁሉ ቀትር ምን ያህል እንደረዘመብኝ። አላልኩትም። ብርድ ልብስ ይዘሃል ወይ ብቻ አልኩት፤ የደጋ ልጅ ነኝ እኮ ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ማለዳ መኪናዎቹ ሄዱ። ጋሼ በጤናቸው ምክንያት ወደ አገራቸው ተሰናበቱ። መጋዘኑን ጠርጌ ቁልፉን ለቀበሌው ሰው አስረከብኩና ወደ በረንዳዬ ተመለስኩ። ሴቶቹ ቀስ በቀስ ሰላምታቸውን አስረዘሙ፤ የተማሪ ልብስ፣ የትራስ ልብስ ያመጡልኝ ጀመር።

ከብዙ ጊዜ በኋላ እናቴን ልጠይቅ ጀውሃ ሄጄ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ከክፍሉ ሾፌሮች አንዱን አገኘሁት። አወቀኝ። ስለ ጋሼ ጠየቅኩት፤ አገራቸው ገብተው በዓመቱ እንዳረፉ ነገረኝ። ስለ አሥር አለቃውም ጠየቅኩት። የቱ አሥር አለቃ አለኝ። ከጣርማ በር በላይ የመጣው አልኩ፤ ረዘም ያለ፣ በትርዒቱ ቀን ማሽላ ውስጥ የገባው። ሾፌሩ ለማስታወስ ሞከረ። ትርዒቱንና ያን ባለማሽላ አስታወሰ፤ እሱን አላስታወሰውም። ብዙ ሰው ነው የጫንኩት፣ እህቴ፣ አለኝ።

ሒሳቡን ከፍሎልኝ ወደ መኪናው ሄደ። እኔም ምግቤን ጨርሼ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ።