መስኮቱ የተዘጋው መኪና

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጎደሬ እየላጥኩ ነበር። ጎደሬ እጅ ያሳክካል፣ ስለዚህ እጄን ቅባት ቀብቼ፣ ሳልበላ ሳልጠጣ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ልጨርሰው ብዬ ጎንበስ እንዳልኩ ሁለት መኪና ተከታትሎ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። የልጄ ልጅ ታምራት ነው። ገና ቀና ሳልል ሽታው ደረሰኝ። መኪና ሣር ለሣር ሲሄድ ሆዱ ሥር የሚጣበቅበት እርጥብ ሣር አለ አይደል፣ እሱ ከጋለው ብረት ጋር ሲጨስ የሚሸተው፣ ጭቃም ዘይትም የተቃጠለ ቅጠልም የሆነ ነገር። ያ ሽታ ስንት ዘመን አልመጣብኝም ነበር። ቢላዋውን ጎደሬው ላይ አስቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አንዱን ልወስድ ነው፣ እስቲ አንቺ ምረጪልኝ» አለኝ እየሳቀ።

ታምራት ከአዳኞች ጋር ሥራ አግኝቷል። ፈቃድ ይዘው ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች አሉ፣ እነሱን ወደ ቱም ቆላ ወስዶ የሚመልስበት መኪና ሊገዛ ነው። አንደኛው ኋላው ክፍት የሆነ ፒካፕ ነው፣ ሌላው ዙሪያውን ዝግ፣ መስኮቱ ጥቁር፣ ፊትሽን የምታዪበት የሚያብረቀርቅ። ልጁ ምን እንደጠየቀኝ አያውቅም። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ አባቴ ይሄንኑ ጠይቆኝ ነበር፣ እኔም በጣቴ አሳይቼው ነበር። እስከዚያ ጠዋት ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። አሁን እህቱን ሜሮንን ጠርቼ ጻፊልኝ አልኳት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ እሷ እንዳወራሁት ትጻፈው።

ቤታችን ከሸዋ ቤንች ወዲያ፣ ቡናው ውስጥ ነበር። አባቴ የቤንች ሰው ነው፣ ከአያቱ ጀምሮ አዳኝ። ጎሽ የረገጠውን ሣር በመዳፉ ዳብሶ ጠዋት ይለፍ ትናንት ይለፍ ይናገር ነበር። ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ በጆንያ ሲገባና መንገዱ ሲጠነክር፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ጌቶች በመኪና ይመጡና አባቴን መሪ አድርገው ወደ ቆላ ይወርዱ ነበር። መንገድ ስልሽ መንገድ እንዳይመስልሽ፣ ሣር ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ ነው። የመኪና መሪ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ መኪና የሚመርጠው ግን እሱ ነበር። እሱ ሳያየው ማንም አይነሳም።

አመራረጡን ብታዪ ትስቂ ነበር። መጀመሪያ በጀርባው ተኝቶ ሥሩ ይገባና ምን እንደተንጠለጠለ ያያል፣ ከመሬት እስከ ሆዱ በክንዱ ይለካል፣ ጎማውን በተረከዙ ይረግጣል። ከዚያ የእኛን የቡና ጆንያ አንድ ጎሽ የሚያህል ያስጭንና፣ ሲጎድልበት እኛን ልጆቹን ከጆንያው ላይ ያስቀምጠንና፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ቀይ ዳገት ላይ ባልዲ ባልዲ ውሃ አስደፍቶ «በል ውጣ!» ይለዋል ሾፌሩን። እኛ እየጮህን፣ ጭቃው ፊታችን ላይ እየተረጨ፣ እናቴ ከታች «ልጆቼን ልትፈጃቸው ነው!» እያለች። ሾፌሮቹ ይናደዱ ነበር፣ አዲስ መኪና በጭቃ ሲለወስ ማን ይወዳል። እሱ ግን «ሲሄድማ ማንኛውም ይሄዳል፣ እኔ የማየው ሥጋ ተጭኖበት ሲመለስ ነው» ይላል። በመጨረሻ መፍቻ አምጡ ይልና በሮቹን ያስነቅላቸው ነበር። መኪናው በር አልባ ሆኖ እንደ አልጋ ክፍቱን ይቀራል። «ጆሮዬን አትዝጉብኝ» ነበር የሚለው፣ ሌላ ምክንያት ሰጥቶ አያውቅም። ጎሹንም ወንዙንም በጆሮው ነበር የሚያውቀው።

ሌላም ልማድ ነበረው። ይሄን ከአባቱ ነው ያገኘው፣ በእግር ያድኑ ከነበረበት ዘመን። ለአደን ሲወጣ፣ ከቤቱ ልጆች ትንሿ፣ ያን ጠዋት ገና እህል ያልቀመሰች፣ በሩ ላይ ትቆምና በየት ልውጣ ይላታል፣ በላይ ወይስ በታች፣ እሷ በጣቷ ያሳየችው መንገድ ነው የሚኬደው። ትንሿ እኔ ነበርኩ። ሦስት በጋ እኔ ነኝ ያሳየሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ ሥጋ ይዞ በደኅና ተመለሰ። ሰፈሩ ሁሉ ጣቷ የተባረከ ነው ይሉኝ ነበር፣ እኔም አምኜ እንደ ትልቅ ሰው ኮራ ኮራ እል ነበር።

በአራተኛው ዓመት በጋው ቶሎ አለቀ። ቡናው ዘግይቶ ስለደረሰ ሰዉ ሁሉ ለቀማ ላይ ቆየ፣ ጌቶቹም ዘገዩ፣ የካቲት ወጥቶ መጋቢት ሲገባ ነው የመጡት። በሸኮ ተራራ በኩል ሰማዩ ማታ ማታ ይጠቁር ጀምሮ ነበር። ጉንዳን እንቁላሉን ተሸክሞ በቤታችን ምሰሶ ሽቅብ ሲወጣ እናቴ አይታ አመድ በተነችበት፣ አልተመለሰም። አባቴ ጊዜው አልፏል አለ። ግራዝማቹ ግን፣ የቡናው ጌታ፣ የኛንም መሬት የያዘው፣ እሱ ከመጣ ማን እምቢ ይለዋል።

ያን ዓመት ሁለት መኪና ይዘው መጡ። አንዱ አባቴ የሚያውቀው፣ ሸራ የለበሰ፣ በሩ የሚነቀለው። ሁለተኛው አዲስ ዝግ መኪና ነው፣ ባለ መስታወት። ነዳጁ ለአንድ ብቻ ነው የሚበቃው፣ ሌላው እዚሁ ይጠብቃል ተባለ። አባቴ ሁለቱንም ጫነ፣ ሁለቱንም ዳገቱን አስወጣ። እውነቱን ልናገር፣ አዲሱ በለጠ። ያለ አንድ መንሸራተት ወጣው። ሆዱም ከፍ ያለ ነው፣ ጎማውም ወፍራም። አባቴ ሲዞረው ሲዞረው ቆይቶ «በሩ ይነቀል» አለ። የዝጉ መኪና ሾፌር በላቸው የሚባል ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ነበር። «አባባ፣ ይሄ እኮ አጥር አይደለም፣ አይነቀልም!» አለውና ሁሉም ሳቁ፣ አባቴ አልሳቀም። ግራዝማቹ ደግሞ ያስለው ነበር፣ አቧራም የቆላ ዝንብም አልችልም፣ በዝጉ ነው የምሄደው አለ። ሲከራከሩ ዋሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት በላቸው ጠርቶ መኪናው ውስጥ አስቀመጠኝ። እጀታውን ሳዞረው መስታወቱ ይወጣል፣ ሳዞረው ይወርዳል። ዘጋሁት። እግዜር ያሳይሽ፣ ዓለሙ ሁሉ ዝም አለ። ዶሮው አይሰማም፣ ዛፉ አይሰማም። እናቴ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትጠራኛለች፣ አፏ ሲከፈት ሲዘጋ አያለሁ፣ ድምፅ የለም። እኔ እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። እየሳቅኩ እጄን አወዛወዝኩላት። በላቸውም «ነገ እኔን ምረጪኝ፣ ዋንጫ የሚሆን የጎሽ ቀንድ ይዤልሽ እመጣለሁ» አለኝ። ልማዱን ከሰፈሩ ሰምቶ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጭጋግ ነበር። አባቴ ጦሩንና ገመዱን በሸራው መኪና ላይ ጭኖ አስሮ ጨርሷል። ግራዝማቹ አሁንም እምቢ ሲለው «እንግዲያው ልጅቷ ትጠየቅ» አለ። እኔ የሱን እንደምመርጥ ተማምኖ ይመስለኛል። ደጁ ላይ አቆመኝ፣ ቁርስ አልበላሁም፣ ብርድ ነበር፣ እግሬ ሥር ያለው ሣር እርጥብ ነው። «በየትኛው ልሂድ?» አለኝ። በላቸው ከኋላው ሆኖ ጠቀሰኝ። እኔም ጣቴን ወደ መስታወቱ ዘረጋሁ።

አባቴ ትንሽ አየኝ። ሄዶ ገመዱን ይፈታ ጀመር።

«ልጅ ናት እኮ! ምን ታውቃለች?» አለች እናቴ።

«ልጅ ስለሆነች ነው የጠየቅኋት» አላት፣ ጦሩን ወደ ዝጉ አሻገረ። በሩ ሲዘጋ ድፍን ያለ ድምፅ ነበረው። በመስታወቱ ውስጥ አፉን አንቀሳቅሶ አንድ ነገር አለኝ። እስከ ዛሬ ምን እንዳለኝ አላውቅም።

ከዚያ መጠበቅ ነው። የሸራው መኪና ግቢያችን ቆሞ ቀረ፣ ዶሮዎች ወንበሩ ላይ እንቁላል ይጥሉበት ጀመር። ቆላው በኩል ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ተራራው በኩል ግን ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ሆኖ ሲያጉረመርም ዋለ። እናቴ ወደ ተራራው ታያለች፣ ወደ እኔ ታያለች። አራት ቀን ያሉት አምስት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። በሰባተኛው ቀን ዝናቡ እኛም ጋ ደረሰ። በስምንተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በቡናው መካከል አንድ ሰው በዱላ እየተደገፈ ሲመጣ አየሁ። ባዶ እግሩን ነው፣ ጭቃ ለብሷል፣ በእጁ የሰው ባርኔጣ ይዟል። አባቴ ነው። ባርኔጣው የበላቸው ነው።

ለእናቴ ሲነግራት ከምሰሶው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ጎሽ ጥለው፣ ሥጋ ጭነው ሲመለሱ ነው። ዝንቡ ስላስቸገረ ግራዝማቹ መስኮቱን ሁሉ አዘግቷል። ወንዙ ሲሄዱ ከቁርጭምጭሚት ያልዘለለ ነበር፣ ሲመለሱም ያው ነው፣ እነሱ ያሉበት ዝናብ የለም። በላቸው መሀሉ ላይ ሲደርስ ድንጋይ እየመረጠ ቀስ አለ። አባቴ በመስታወቱ ሲያይ፣ ማዶ ዛፉ ላይ ያሉት ወፎች ሁሉ አንድ ላይ ተነሡ። ጦጣዎቹ ሽቅብ ይሮጣሉ፣ አፋቸው ተከፍቷል። ድምፅ የለም። «ጆሮዬ ክፍት ቢሆን ደራሹን ጎርፍ ገና ከሩቅ እሰማው ነበር» አላት። በሩን ሲገፋው ውሃው ከውጭ ይዞታል። የኋላውን መስታወት በግራዝማቹ ጠመንጃ ሰደፍ ሰብሮ ግራዝማቹን ጎትቶ አወጣው። ለበላቸው ሲመለስ መኪናው ተገልብጧል።

ወንዙ ሲጎድል ሰዎች ሄደው መኪናውን ከአሸዋው ቆፍረው አገኙት፣ በላቸውንም እዚያው። ከወንበሩ ጀርባ በጨርቅ በደንብ የታሰረ አንድ የጎሽ ቀንድ ነበር። አባቴ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «ላንቺ ብሎ ነው ያሰረው፣ ከብዶትም አልጣለውም» አለኝ። አልቆጣኝም፣ ለማንም ልጄ ናት የመረጠችው አላለም። ቀንዱን ከቡናችን መሀል አንዱ እግር ሥር ቀበርኩት። ያ ቡና በሚቀጥለው ዓመት ከሁሉም በላይ አፈራ፣ እኔ አልለቅምም ብዬ እናቴ ደበደበችኝ።

በጋው ዞሮ ሲመጣ አባቴ እንደገና ወደ አደን ወጣ። እኔ ቁርስ ሳልበላ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ደጁ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። በአጠገቤ አለፈ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ጠይቆኝ አያውቅም፣ በላይ ይሁን በታች፣ ሌላም ነገር። እኔም አድጌ ባል ሳገባ እንኳ ወላጆቼ ናቸው የመረጡት፣ ለልጆቼም ስም ሌላ ሰው ነው ያወጣላቸው። ሰዉ ትሑት ናት ይለኛል። ትሕትና አይደለም።

ያን ጠዋት ታምራት እንደጠየቀኝ ቆሞ ነበር። አሁን ጊዜው ሌላ ነው። ያኔ መኪና የሚመረጠው በጭቃና በጆንያ ነበር፣ አሁን በስልክ ፎቶውን ያያሉ፣ ካሜራ አለው፣ ቅዝቃዜ አለው፣ መንገዱን ራሱ ይናገራል። ዳገቱም አስፋልት ሆኗል። ወንዙ ግን ያው ነው፣ ዝናቡም ያው ከተራራው ነው የሚወርደው። ዝም ስለው ጊዜ «እንግዶቹ አቧራ አይወዱም» አለና ዝጉን መረጠ። እኔ ሳልናገር ያው ዝጉ ሆነ። ያኔ ነው እጁን ይዤ ከጎደሬው አጠገብ ያስቀመጥኩት፣ ሜሮን እንደጻፈችው ሁሉን ነገርኩት። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻሽን ይዘሽው ነው?» አለኝ። ጎደሬዬን ወደ መላጥ ተመለስኩ።

ትናንት በጠዋት ወጣ፣ የመጀመሪያ እንግዶቹን ይዞ። መጋቢት ነው። ተራራው ጥቁር ነው። በደኅና ተመለስ ለማለት እንኳ ደጁ ላይ አልቆምኩም፣ ከውስጥ ሆኜ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ።

ከሰዓት ጎረቤቴ ወርቄ መጣች፣ ከገበያ እየተመለሰች፣ ከእግር እስከ ራሷ በስብሳ፣ ነጠላዋን እየጨመቀች። ሳትቀመጥ ነው የጀመረችው።

«አንቺ፣ ያ ልጅሽ ምን ነካው? በዚህ ዶፍ አራቱንም መስኮት ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ፈረንጆቹ ከኋላ እየጮሁበት፣ እሱ አንገቱን አውጥቶ እየበሰበሰ አለፈኝ። ብጠራው ገና ከሩቅ ሰማኝ!»