ወደ መስኮቱ ያዘነበለው ጠረጴዛ

የፑል ቤት ያለው ባል አታግቡ። ምክር ብላችሁ አትያዙት፣ ለራሴ ነው የማወራው፤ ግን የሰማ ይስማ። ጠዋት ያንን ቤት ስከፍት መጀመሪያ የሚቀበለኝ ሽታው ነው። የሲጋራ ቁራጭ፣ ወለል ላይ የደረቀ ቢራ፣ የወንድ ካልሲ። ኤጭ! ግድግዳው ደግሞ ሰማያዊ በሰማያዊ ነው። ጠመኔውን የእንጨታቸው ጫፍ ላይ ይቀቡና እጃቸውን ግድግዳዬ ላይ ይጠርጋሉ፣ የእናታቸው ቀሚስ ይመስል። አንዳንዱ ያኘከውን ማስቲካ ኳስ በሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ይለጥፋል። እሱን በጥፍሬ ፈልቅቄ ሳወጣ ሰውነቴን ቅፍፍ ይለኛል፣ ቁርስ የሚባል ነገር አይወርድልኝም።

ከዚያ ሁሉ ወንድ የማያስጠሉኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፣ ልብስ ሰፊው። ሱቃቸው ከኛ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ውስጡ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያና ጥግ ላይ የተሰነጠቀ መስታወት አለ፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ አንዱ ውጭ ይቆማል። ሰፈሩ "ጋሽ መርፌ" ይላቸዋል። ቀጭን ናቸው፣ ዝምተኛ ናቸው፣ አንዳንዴ አንዲት ቃል ጣል ካደረጉ ግን ትወጋለች።

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው ገብተው የሚያወሩት ሰው የላቸውም። ስለዚህ ጠዋት እኔ ስጠርግ ከች ይሉና "እቴ፣ እጄን ላፍታታ?" ይሉኛል። "ይግቡ ጋሼ፣ ማን ከልክሎዎት!" እላለሁ። መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ። ልብ በሉ፣ ይታጠባሉ! ከሽንት ቤት ሲመለስ እንኳ ውሃ የማይነካ መንጋ በሚርመሰመስበት ቤት!

ከዚያ ልምምድ ይጀምራሉ። ጨዋታ አላልኩም። ነጯን ኳስ አንድ ቦታ፣ ቀይዋን ሌላ ቦታ ያስቀምጡና ያችኑ አንዲት ምት ይደጋግሟታል። ቦታው እንዳይጠፋባቸው በልብስ ምልክት ማድረጊያ ሳሙናቸው የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ነጥብ ያደርጋሉ፣ ሲጨርሱ ደግሞ ራሳቸው በብሩሽ ያጠፉታል። ቀይዋ ስለገባች ደስ አይላቸውም። ነጯ እሷን መትታ እዚያው ቀጥ ካላለች ይነጫነጫሉ።

"ማስገባትማ ማንም ያስገባል" ይሉኛል። "ከመታሽ በኋላ ነጯ የት ነው የምትቆምልሽ? ቀጣዩን የምትመቺው ከዚያ ነው።"

አንድ ቀን ቀሚስ ላስጠብብ ሱቃቸው ብሄድ፣ ባዶ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው የመጋረጃ ዘንግ በአፉ እያስገቡ ያስወጣሉ። ዘንጉ የጠርሙሱን አፍ ከነካ ክንዳቸው ተዛንፏል ማለት ነው። ደንበኛው በአንድ እግሩ ሱሪ አድርጎ፣ ሌላውን እግሩን ራቁቱን አስቀርቶ ይጠብቃቸዋል! እስቃለሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ። ክረምት ከበጋ እንዲህ ሲሉ ኖረው፣ ድሮ ኳስ ከጠረጴዛ ላይ ያስፈነጥሩ የነበሩት ሰውዬ የፈለጉትን ኳስ የፈለጉበት የሚያስቀምጡ ሆኑ።

ጠረጴዛው ግን ጠማማ ነው። በመስኮቱ በኩል ወለሉ ሰምጦ አንዱ እግሩ ዝቅ ብሏል፤ በቀስታ የተመታ ኳስ ሁሉ መጨረሻው ላይ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል። ባሌን "ኧረ አሠራው" ስለው አፌ ደረቀ። ጋሽ መርፌን ግን አላስቸገራቸውም።

"የማይዛነፍ ትከሻ ያለው ደንበኛ አይቼ አላውቅም" አሉኝ። "ዝቅ ላለው ወገን ትንሽ ጨመር አድርጌ እቆርጣለሁ። እዚህም ያው ነው።"

ከመስኮቱ በተቃራኒ ወዳለው ግድግዳ ጨመር አድርገው ይልኳታል፣ ኳሷም አዘንብላ ጉድጓዷን ታገኛለች። በኋላ በኋላማ ሳያስቡት እጃቸው ራሱ ያደርገው ነበር።

እንግዲህ አንድ ደላላ መጣ። የሚጫወትበት ቤት ስለተዘጋ ወሬኛና ጠጪ ጓደኞቹን አስከትሎ እኛ ላይ ሰፈረ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይገባል። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ያወራል፣ ያወጣውን ደግሞ አየት ያደርገዋል። እግዚኦ! ባሌ ግን ወደደው። እኔ ታምሜ ስተኛ አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥቶልኝ የማያውቅ ሰውዬ ለደላላው ወንበር ሲስብ ማየት! ጋሽ መርፌማ አንድ ሻይ ይዘው ነው የሚውሉት፤ ለባሌ ቦታ የያዙ ዕቃ ነበሩ።

አንድ ከሰዓት ጋሽ መርፌ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው ሲያነጣጥሩ ደላላው፣ "ይሄ ሽማግሌ ሚስቱን ቀብሮ ጠረጴዛ አገባ እንዴ?" አለ።

ጓደኞቹ አሽካኩ። ባሌም አብሮ ሳቀ። ጋሽ መርፌ ቀና አሉ።

"ና ግጠመኝ" አሉት። "እሁድ፣ በአንድ ጨዋታ። ከተሸነፍኩ እዚህ ቤት ሁለተኛ እንጨት አልነካም። አንተም እንደዚያው።"

"በቃ፣ ምስክር አለ!" አለ ደላላው።

ያ ቤት ለእሳቸው ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ጠዋት ጠዋት ከሰው ጋር የሚነጋገሩት እዚያ ብቻ ነው። ግን ብዙም አልፈራሁም፣ ምክንያቱም ደላላው በዚያ ጠረጴዛ ላይ በቀስታ የመታው ሁሉ ወደ መስኮቱ እያመለጠው ሲራገም ነበር የሚውለው።

እሁድ ጠዋት የቤት ጫማዬን ባነሳ የግራው ተረከዝ የለም። ወፍራሙ ላስቲክ ሙልጭ ተደርጎ ተቆርጧል።

"አይጥ ይሆናል" አለ ባሌ፣ ዓይኔን ሳያይ።

"አይጥ በቢላ መቁረጥ የጀመረችው መቼ ነው?"

ሹልክ ብሎ ወጣ። ያንን ቀን ሙሉ እያነከስኩ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጢም አለ። ጋሽ መርፌ እጃቸውን ታጥበው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። የመጀመሪያዋን በኃይል መትተው አስገቡ። ሁለተኛዋን በቀስታ ላኳት፤ ሳትገባ ቀረች። ጨርቁን ጎንበስ ብለው አዩት፣ አቧራ ያለ ይመስል እፍ አሉት፣ ወደ መስኮቱም ዞር ብለው ተመለከቱ። ሦስተኛዋም ሳተች። ደላላው ግን፣ ያ ሲራገም የኖረው ሰውዬ፣ እያፏጨ ያስገባል። ቢሆንም እየተዝረከረከም ቢሆን ጨዋታው መጨረሻዋ ላይ፣ ያስገባት የሚያሸንፍባት ጥቁሯ ኳስ ላይ ደረሰ፣ ተራውም የጋሽ መርፌ ሆነ።

ምቷን አውቃታለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የሚደጋግሟት ያቺው ናት። ብዙ ቆዩባት። ክንዳቸውን ሲስቡ እጃቸው እንደ ልማዱ ጨመር ሲያደርግ አየሁት። ጥቁሯ ወደ መስኮቱ ሳታዘነብል፣ የላኳት ቦታ ላይ ቀጥ ብላ ሄዳ የጉድጓዱን ከንፈር መታችና ቆመች። ደላላው ሲጋራውን ከአፉ እንኳ ሳያወጣ ነካ አድርጎ ጨመራት። አመዱ ጨርቁ ላይ ረገፈ።

ጋሽ መርፌ ጩኸቱ ጋብ እስኪል ጠበቁ። አመዱን በብሩሽ ጠረጉለት፣ እንጨቱን ቦታው ሰቀሉ፣ እጃቸውን ታጥበው ወጡ።

በማግስቱ ስጠርግ፣ የሰመጠው እግር ሥር የማውቀው ነገር አየሁ። የጫማዬ ተረከዝ! የበሩን ብረት መቀርቀሪያ ከሥሩ ሰክቼ፣ ወገቤ እስኪንቋቋ ፈንቅዬ አወጣሁት። ይዤው ቀጥታ ባሌ አልጋ ድረስ ሄድኩ።

"ይሄ ምንድነው?"

ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ። "ጠረጴዛውን አስተካከልነው። አሠራው ስትይኝ አልነበር? ሰው ጠማማ ነገር ስላቀና ይከሰሳል?"

እውነቱን ነዋ! ያንገሸገሸኝም እሱ ነው፤ ውሸት ቢናገር ይሻለኝ ነበር። ያንን ሁሉ ዓመት ስለምነው እንቢ ያለኝን፣ አንድ ብቸኛ ሰው ለማስወጣት ሲሆን በአንድ ሌሊት አደረገው። ያውም በእኔ ጫማ። ከእሱ ጋር አንድ አልጋ ላይ ስተኛ መኖሬ!

ጋሽ መርፌ ሱቅ ሄጄ ላስቲኩን መኪናቸው ላይ አስቀመጥኩት። አዩት፣ አልደነገጡም።

"ሁለተኛዋ ኳስ ላይ አውቄያለሁ" አሉ።

"አውቀው ነው ዝም ያሉት? ለምን ጋሼ? ያ ሁሉ ሰው እያለ!"

"ምን ልበል እቴ? ጠማማው ይመለስልኝ ልበል?" እጃቸውን ገልብጠው አዩት። "ቀጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ ማስገባት አቃተው። ዓይኔ አይቷል እኮ፣ እሱ ነው እንቢ ያለኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ያስተማርኩት እጅ።"

"ታዲያ ይምጡና እንደገና ይልመዱት። ተታለዋል፣ ቃሉ አይቆጠርም።"

"ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ላስቲኩን አነሱና፣ "አምጪው ያንን ጫማ" አሉኝ። ወፍራሙ መርፌ ላይ በሰም የታሸ ክር አስገብተው ተረከዜን መልሰው ሰፉት። ሲጨርሱ አስነስተው አስሄዱኝ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

ከሰዓት ወደ ቤት ስመለስ ደላላው ከነጓደኞቹ ጠረጴዛውን ከቧል። በቀስታ የመታት ኳስ ወደ መስኮቱ እያዘነበለች አምልጣው ይራገማል። ባሌ ደግሞ በአራት እግሩ ሆኖ፣ ቂጡን ለሕዝብ ሰጥቶ፣ ጠረጴዛው ሥር ይዳብሳል።

"የታለ?" አለኝ ከዚያው ከሥር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያ ነገር የታለ?"

"ምኑ ነው የጠፋችሁ?" አለ ከጓደኞቹ አንዱ። ሁሉም ዞሮ አየን። ደላላው ስንጥሩን ከአፉ አወጣ።

"ትናንት ጋሽ መርፌን ያሸነፋችሁበት ላስቲክ ነዋ" አልኩ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። "እግሬ ላይ ነው። እሳቸው ናቸው የሰፉልኝ። ከቻላችሁ ኑ አውልቁት።"