በሳምንት ሦስት እንቁላል

ባለቤቴ ሂለከ ባለፈው ኅዳር አረፈች። ዕድሜዋን ሙሉ መርዝ ስታጠና ኖራ የሞተችው በልብ ድካም ነው። ከቀብር ስንመለስ አንድ ጎረቤታችን ትከሻዬን ይዞ «ቢያንስ የዶሮዎቻችን ጥፋት አይደለም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው።

እኛ የቬርዳም መንደር ሰዎች ሁላችንም ከጓሮ ዶሮ እናረባለን። ከወንዙ ማዶ ምግብ መጥበሻ ላይ እንዳይዝ የሚቀባውን ነገር የሚሠራ ፋብሪካ አለ። ከጭስ ማውጫው የወጣው አፈራችን ላይ ያርፋል፤ አፈሩን ትሉ ይበላዋል፣ ትሉን ዶሮዋ፣ እንቁላሏን እኛ። የሂለከ ሥራ አፈሩን፣ እንቁላሉንና የሰውን ደም እየመረመሩ ማነጻጸር ነበር። እንቁላል ስትጠይቅ ይሰጧታል፤ ደምም ስትጠይቅ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። ውጤቱን ይዛ ስትመለስ ግን፣ መጋረጃ መዝጋት ነውር በሆነበት መንደራችን መጋረጃ ይዘጋ ጀመር።

በመጨረሻ የዶሮ አርቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የግድግዳ ተጋሪያችን ዎበ፣ ስብሰባ ጠራ። በእኛ አገር ያለ ስብሰባ የሚያልቅ ነገር የለም፤ ስብሰባም ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሳይለቅ አይበተንም። ከፋብሪካውም አንድ ጨዋ ሰው መጣ።

«ፋብሪካው፣ ሰው በሳምንት ስድስት እንቁላል ቢበላ ምንም አይሆንም ይላል» አለ ዎበ። «አንቺስ ሂለከ?»

«ምንም አይበላ።»

«ምንም ማለት ስንት ነው?»

«ዜሮ ነዋ፣ ዎበ።»

«እንግዲህ መሀል ላይ እንገናኝ። ሦስት!»

አዳራሹ አጨበጨበ። የፋብሪካው ሰው የሂለከን እጅ ጨብጦ ከእርስዎ ጋር መሥራት ደስ ይላል አላት።

«መርዙ ግን ስብሰባው ላይ አልነበረም» አለች እሷ። «ስለዚህ አልተስማማም።»

ቃለ ጉባኤ ያዡ ይህም ይጻፍ ወይ ብሎ ጠየቀ። አይጻፍ ተባለ።

ቤት ስንገባ ሂለከ ስለ ስብሰባው አላነሳችም። ያነሳችው የዎበን ልጅ ፌናን ነው፤ ፌና የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። «እኛ አንዴ የበላነውን በልተናል» አለችኝ ድንች እየላጠች። «የእሷ ልጅ ግን ከእናቱ ደም ነው የሚወስደው።» እንዲህ ያለው ደም ያላቸው እናቶች ልጆቻቸው ከስተው ሲወለዱ፣ ክትባትም በቅጡ ሳይሠራላቸው ሲቀር በጥናቷ አይታለች።

በሳምንቱ የዎበ ልደት ሆነ። እንደ ወጉ ወንበሮቹን በክብ ደርድረን ተቀመጥን፤ የልደት ደስታ የቤተሰቡም ነውና ለፌናም «እንኳን በአባትሽ ደስ አለሽ» አልናት። ዎበ በመሀላቸው ቅመም የተሞላ ግማሽ ግማሽ እንቁላል በትሪ ይዞ መጣና ልጁ ሳህን ላይ ስድስቱን ደረደረላት።

«ስድስት ግማሽ፤ የሳምንቱ ድርሻሽ። በስብሰባ የጸደቀ!»

ፌና አልነካችውም። «ሂለከ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ስንት ልብላ?»

«አንድም፣ የኔ ልጅ።»

«እንዴ! ወስነናልኮ!» አለ ዎበ። «የሰውየውን እጅ ጨብጠሻል!»

«ጨብጫለሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ምን ላድርገው?»

የፌና አክስት ጣልቃ ገባች። «እኛ በዚህ እንቁላል አድገን ምን ሆንን?»

«ጠዋት ጠዋት የምትውጪያቸውን ክኒኖች ሳንቆጥር ነው?» አላት ባሏ። ሁሉም ሳቀ፤ ከዎበ በቀር።

ፌና ሳህኑን አንሥታ ለአባቷ መለሰችለት። «አባዬ፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ድምፅ አልሰጠም።»

ዎበ ፊቱ ቀላ። ሳህኑን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ፤ ከዚያ የጓሮው በር ሲዘጋ ሰማን። ዶሮዎቹ ጋ ሄዶ ሊያለቅስ ነው አለች አክስቷ። እኛም አይብ እየቆረጥን ስለ ዝናቡ አወራን።

ሲመለስ በእጁ ከሌላ ቦታ የሚመጣውን የሱቅ እንቁላል ይዟል። ሱቁ ውስጥ ሂሳብ የምትቀበለው የቃለ ጉባኤ ያዡ ሚስት ናት፤ የዶሮ አርቢዎች ሊቀ መንበር እንቁላል መግዛቱን ከመምሸቱ በፊት የማይሰማ ሰው እንደማይኖር እሱም እኛም እናውቃለን። ማንንም ሳያይ አንዱን ቀቀለ፤ ጣቶቹን እያቃጠለው ላጠና ልጁ ፊት አስቀመጠው።

«ጨው ላምጣልሽ?» አላት።

«ትንሽ» አለችው ፌና፤ እስኪያመጣላት ግን አልጠበቀችም።