ወንድሜ ከእንግዲህ ጓዳ አይገባም

ዛሬ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቁኝ መጥተው ሳሎን ተቀምጠው ሳለ፣ ታላቅ ወንድሜን ከጓዳ አውጥቼ መሃላቸው አስቀመጥሁት።

አጎቴ ጠዋት «ሽማግሌዎቹ እስኪሄዱ ወንድምሽ ዱርቤቴ ከተማ ዘመድ ቤት ይዋል» ብሎ ነበር። እምቢ ስለው ወንድሜን ጓዳ አስገብቶ ቆለፈበት፤ እኔም ቁልፉን ወስጄ ከፈትሁለት።

ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ አለበት። እኛ የማንሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ መድኃኒቱን ሲወስድ ግን ይሻለዋል።

(ለአጎቴ ድብርቱም፣ ጭንቀቱም፣ ይኼም ያው ልክፍት ነው። የራሱን ስኳርና ደም ግፊት ግን አንድም ቀን አምታቶ አያውቅም!)

አንዱ ሽማግሌ «ልጄ፣ ይኼ በዘር አይመጣም?» አሉኝ።

«ሊመጣም ላይመጣም ይችላል፣ አባባ። ወንድሜን ደብቄ ግን አላገባም» አልኋቸው።

«እንመክርበታለን» ብለው ወጡ። ቢመለሱም ባይመለሱም ያ ቁልፍ አሁን እኔ ዘንድ ነው።

እስኪ ንገሩኝ፤ እናንተ ቤት እንግዳ ሲመጣ የሚደበቀው ማነው?